መርፌው ከወጣ በኋላ፦ መርፌና ሌሎች ስለታም ነገሮችን በቤት፣ በጤና ተቋምና በበረት የመያዝና የማስወገድ ዝርዝር መመሪያ

በበጋ፣ ኩበት በሚጠፈጠፍበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ቀኝ መዳፋቸውን በነጠላ ጫፍ ጠቅልለው ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጡ። «እትዬ፣ ምን አገኘዎት?» አልኳቸው። «ኩበት ስጠፈጥፍ ወጋኝ ልጄ። እሾህ መስሎኝ ነቅዬ ልጥለው ስል ብረት ሆኖ አገኘሁት» አሉና ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። ወፈር ያለ፣ ጫፉ ትንሽ የተጣመመ የእንስሳት መርፌ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት በግ ታሞባቸው ሲወጋ መርፌው በረት ውስጥ ወድቆ ቀርቷል። ከዚያ ከእበቱ ጋር ታፍሶ፣ በውሃ ታሽቶ፣ መዳፋቸው ላይ ተሰካ።

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተወግተው ሲመጡ ካየኋቸው ሰዎች የሚበዙት በመርፌው ያልተጠቀሙ ናቸው፦ የጽዳት ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ሲጫወት ያገኘ ሕፃን፣ እበት የምታፍስ እናት። እነዚህ ሰዎች መርፌው የት እንዳለ አያውቁም፤ የሚያውቀው የተጠቀመበት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ቦታ መርፌ ስንይዝ ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ መርፌ ከእኔ እጅ ሲወጣ ማን እጅ ይገባል?

አሁን ተወግተው ከሆነ ከዚህ ይጀምሩ

ሌላውን ቆይተው ያነቡታል።

1. የተወጋውን ቦታ ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ቧንቧ ከሌለ ሌላ ሰው በጆግ ያፍስስልዎት። ደም ዓይንዎ ውስጥ ተረጭቶ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግመው ይጠቡት፤ ለዓይን ሳሙና አይሆንም።

2. ደሙ ይውጣልኝ ብለው አይጭመቁት። በአፍዎም አይምጠጡት። በረኪና አያፍስሱበት፣ አረቄም አይቀቡት። መጭመቅ ሥጋውን ይጎዳል፤ በረኪና ቆዳን ያቃጥላል እንጂ የገባውን ቫይረስ አያወጣም።

3. መርፌው ማን ላይ እንደዋለ ከታወቀ ያንን ይያዙ፤ ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ ይመረመራል። መርፌውን ለማሳየት ብለው ይዘው አይምጡ፤ በመቀነት ቋጥሮ መምጣት ሁለተኛ ጊዜ ያስወጋል። የእንስሳት መድኃኒት ወይም ክትባት የነበረበት ከሆነ ግን ብልቃጡን ይዘው ይምጡ፤ ምን እንደገባብዎ ከጽሑፉ ይታወቃል።

4. ቢቻል በዚያው ሰዓት፣ ካልሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት፣ እኛ ፔፕ የምንለው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም። 72 ሰዓት ሦስት ቀን ነው ብለው ግን ገበያው እስኪያልፍ አይጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲጀመር ነው የሚሻለው። አንዴ ከተጀመረ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

5. የሄፓታይተስ ቢ (በደም የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ) ክትባት ወስደው የማያውቁ ከሆነ ይህን ለባለሙያው ይንገሩ። ክትባቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ከተወጉ በኋላም ይከላከላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቁ፤ በተለይ መርፌው አፈር ወይም እበት ነክቶት ከሆነ።

6. ደም የሚመረመሩት በዚያው ቀን፣ ከዚያ በ6 ሳምንት፣ ከዚያ በ3 ወር ነው። የመጨረሻው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ በኮንዶም ይጠቀሙ፣ ደም አይለግሱ።

ከላይ የነገርኳችሁ እናት የተወጉት በበግ መርፌ ስለነበር የኤችአይቪ መድኃኒት አላስፈለጋቸውም። ቁስላቸውን አጥበን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሰጥተን፣ ቁስሉ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመለሱ ነግረን ሸኘናቸው።

የሚያስፈራው የትኛው ነው?

ሰው ሁሉ ሲወጋ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኤችአይቪ ነው። ቁጥሩ ሌላ ነገር ይናገራል። ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም ጋር በተነካካ መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች ቫይረሱ የሚይዛቸው 3 ያህሉን ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ከ100 ሰው ቢበዛ 2 ያህሉን ይይዛል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ያልተከተቡ ከሆኑ ከ100 ሰው ከ6 እስከ 30 ያህሉን ሊይዝ ይችላል። በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ዛሬ የተጣለች መርፌ በሚቀጥለው ሳምንት ቆሻሻ ለሚያነሳው ሰው አሁንም አደጋ ናት።

ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው በአገራችን «የወፍ በሽታ ነው» ብለን እንተወዋለን። ከዚያ ስም በስተጀርባ ይኸው የጉበት ቫይረስ ሊኖር ይችላል። መከላከያው አለ፤ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ በስድስተኛው ወር። በኢትዮጵያ ሕፃናት ይህን ክትባት ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ መውሰድ የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አላገኘነውም። መርፌ የሚነካ ሁሉ፣ ነርሱም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ የጽዳት ሠራተኛውም፣ በኢንሲኔሬተር (የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ) የሚያቃጥለውም፣ ሳይወጋ በፊት ሦስቱንም ዙር መጨረስ አለበት። በእኔ ልምድ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው ሁልጊዜ የሚረሱት፤ እነሱ ደግሞ ከሁላችንም በላይ የሚወጉ ናቸው።

ኢንሱሊን በሚወጋበት ቤት

በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው በወር 60 ጊዜ ይወጋል። ያ ሁሉ መርፌ የት ይገባል? ቤት ለቤት ስንሄድ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ በድንጋይ ግድግዳ መካከል የተሰካ፣ የቁምሳጥን አናት ላይ የተቆለለ፣ በፌስታል ታስሮ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር የተጣለ። አንድ ቤት ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ስሪንጁን ውሃ ሞልቶ ዶሮ ላይ ሲረጭ አገኘሁት። መርፌው አልተነቀለም ነበር።

መጀመሪያ መያዣ ይምረጡ። መርፌ የማይበሳው ወፍራም ፕላስቲክ፣ ክዳኑም የሚጠመዘዝ መሆን አለበት። ሃይላንድ አይሆንም፤ ቀጭን ስለሆነ የኢንሱሊን መርፌ በቀላሉ ይበሳዋል። የመስታወት ጠርሙስ ወድቆ ይሰበርና ራሱ ሌላ ስለት ይሆናል። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳኑ በፕላስተር ከተያዘ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚመርጠው የዘይት ጀሪካን ነው፤ ጥንካሬው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ባዶ ጀሪካን በእኛ አገር እንደ ቆሻሻ አይታይም፤ ዘይት ይቀዳበታል፣ ጋዝ ይገዛበታል፣ ጠበል ይመጣበታል። የሆነ ቀን አንድ ሰው መርፌውን ጓሮ ደፍቶ ጀሪካኑን አጥቦ ይወስደዋል። ለዚህ ነው እኔ የበረኪና ፕላስቲክ ጠርሙስ የምመክረው። ወፍራም ነው፣ ውስጡ አይታይም፣ ሽታውን ስለሚያውቅ ማንም የሚጠጣ ነገር ሊያደርግበት አይፈልገውም። ከመጀመርዎ በፊት ብቻ በደንብ ያለቅልቁት።

ቀጥሎ ምልክት ያድርጉበት። «መርፌ አለበት፣ አትክፈቱ» ብለው ይጻፉ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ፕላስቲክ ላይ አይቆይም፤ ቀይ የጥፍር ቀለም አይለቅም። ፊደል ያልቆጠሩ አያት ወይም ልጅም እንዲገባቸው በዚያው ቀለም የመርፌ ሥዕል ይጨምሩበት።

ቦታው ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ግን እርስዎ ከሚወጉበት አጠገብ ይሁን። እጅዎ ከማይደርስበት ካስቀመጡት «በኋላ እጥላታለሁ» ብለው መርፌዋን አልጋ ጠርዝ ላይ ያሳርፏታል፤ አደጋው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከመወጋትዎ በፊት ጠርሙሱን ያውርዱ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ከዚያ ይውጉ። መርፌው ከቆዳዎ ሲወጣ ስሪንጁን እንዳለ፣ መርፌውን ሳይነቅሉ፣ ሳያጥፉ፣ መርፌው ወደ ታች ሆኖ ይጣሉት። ክዳኑን ይግጠሙና ወደ ቦታው ይመልሱ። የጣት መውጊያዋም እዚያው ትገባለች። የስኳር መለኪያ ወረቀቷና ጥጡ ስለታም ስላልሆኑ ጠርሙሱን እንዳይሞሉት በፌስታል ታስረው ከቤት ቆሻሻ ጋር ይሄዳሉ።

ለለቅሶ ወይም ለሰርግ ሌላ አገር ከሄዱ የጥርስ ብሩሽ መያዣ ጠንካራው ፕላስቲክ ይበቃል። ያኔ መርፌዎን መክደን ሊኖርብዎ ይችላል። ሲከድኑ ክዳኗን በሌላ እጅዎ አይያዟት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ስሪንጁን በአንድ እጅ ብቻ ይዘው መርፌውን ወደ ክዳኗ ውስጥ ያስገቡ፣ ቀና ያድርጉትና ከዚያ ያጥብቁ። ሌላኛው እጅዎ ከጀርባዎ ይሁን።

ስሪንጅ እየተወደደ መሄዱን አውቃለሁ። ደጋግመው የሚወጉበት ብዙ ናቸው፤ መርፌው ይደንዛል፣ ቆዳን ያቆስላል፣ ስለዚህ አልመክርም። ከዚህ በላይ ግን ፈጽሞ የማይደረግ አንድ ነገር አለ። አባትና ልጅ ሁለቱም ስኳር ያለባቸው ቤት ውስጥ በአንድ ስሪንጅ ሲወጉ አግኝቻለሁ። «ደማችን አንድ አይደል?» አሉኝ አባትየው። ደም አንድ ቢሆንም የአንዱ ቫይረስ ወደ ሌላው ይሄዳል። መርፌውን ለውጦ ስሪንጁን አንድ ማድረግም አያድንም፤ ደም ወደ ስሪንጁ ውስጥ ይመለሳል።

ጠርሙሱ ከአራት ሦስት እጅ ሲሞላ በቃ። ከዚያ በላይ ሲጨመር የመጨረሻው መርፌ አፉ ላይ ተቀስሮ ይቀራል። ክዳኑን አጥብቀው ዙሪያውን በፕላስተር ይጠቅልሉና ኢንሱሊን ለመውሰድ በሚሄዱበት ቀን ይዘውት ይሂዱ። አስቀድመው ግን የሚቀበል ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነጋግሩ፤ ከጤና ኬላው ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት የካርቶን ሣጥን) ጋር አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ትችላለች።

ምድጃ ውስጥ አይጨምሩት። ፕላስቲኩ ይቃጠላል፣ መርፌው ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ደግሞ ሰሃን ይፈተግበታል፣ ጓሮ ይበተናል። ሽንት ቤትም አይጣሉት። ከተማ ውስጥ ጉድጓዱ አንድ ቀን በመጣጭ መኪና ይወጣል፤ ቱቦ የሚይዙት ሰዎች እጅ ባዶ ነው።

ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ላይ

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አሁን ካለሁበት ሌላ ተቋም ውስጥ፣ ሌሊት ደም የሚፈሳት ወላድ መጣች። መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልክ ብርሃን ካኑላ (በመርፌ እየተመራ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አስገባን፣ ግሉኮስ ሰቀልን፣ ቤተሰቦቿ ያመጡትን ባና ደረብንላት፤ ሌሊቱ አለፈ፤ እናቲቱም ተረፈች። ጠዋት ባናውን አጣጥፌ ለቤተሰቦቿ ልሰጥ ስል የግራ አውራ ጣቴን ወጋኝ። የካኑላው መሪ መርፌ ነበር። የመንዝ ባና ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ሱፉ ሸካራ ነው፤ መርፌ ከገባበት በቀን ብርሃንም አይታይም። 28 ቀን መድኃኒት ዋጥኩ፤ ከዚያ ሦስት ወር ጠበቅሁ። ውጤቱ ነጻ ሆነ። በዚያ ሌሊት መርፌውን አልጋው ላይ ያሳረፈው ማን እንደነበር አልጠየቅሁም፤ እኔም ልሆን እችላለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። መርፌውን ወደ ሴፍቲ ቦክሱ አልወስድም፤ ሴፍቲ ቦክሱን ወደ መርፌው እወስዳለሁ። እጄን ስዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ካልሆነ መርፌ አልከፍትም። ሌሊት፣ መብራት በሌለበት ደግሞ ካኑላ ከማስገባቴ በፊት ቦክሱ የት እንዳለ በእጄ ነክቼ አረጋግጣለሁ።

ሌሎቹን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሴፍቲ ቦክሱን ሲያጥፉ ታቹን በደንብ ይቆልፉት። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት የታችኛው ምላስ ሳይገባ በላዩ ላይ መሥራት ነው፤ ሲሞላ ታቹ ይከፈታል። ቦክሱ ካርቶን ነው። በክረምት፣ በተለይ በደጋው፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይለሰልስና መርፌ ያሳልፋል። መደርደሪያ ላይ ወይም ሳንቃ ላይ ያድርጉት።

ሕፃን ሲወጋ እናትየው ጭን ላይ አስቀምጣ፣ እግሩን በጭኗ መካከል፣ እጁን በክንዷ ትያዝ። ልጁ ሲወራጭ የሚወጋው ብዙ ጊዜ የነርሷ ጣት ነው።

ከወጉ በኋላ መርፌውን አይክደኑ። ስሪንጁን ከነመርፌው ይጣሉት። የክትባት ስሪንጆች አንዴ ከተገፉ በኋላ የሚቆለፉ ናቸው፤ መርፌያቸው ግን አይቆለፍም፣ እንደተሳለ ነው። ለላቦራቶሪ ደም ቀድተው መርፌውን መክደን የግድ ከሆነባችሁ ከላይ የጻፍኩት የአንድ እጅ አከዳደን ይሠራል።

ስፌት ሲሰፋ ወይም እናት ስትዋለድ መርፌና ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፉ። ትሪ ላይ ይቀመጡ፣ ሌላው ከትሪው ያንሳ። የመድኃኒት አምፑል (ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) ሲሰብሩ አንገቱን በጥጥ ወይም በጎዝ ይዘው ከራስዎ ወደ ውጭ ይስበሩት፤ ስብርባሪው ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል።

5 ሊትር የሚይዘው ቦክስ ወደ 100 ስሪንጅ ይበቃዋል። ከአራት ሦስት እጅ ሲደርስ ይዘጋል፣ ተመልሶ አይከፈትም፣ በእጅ ተገፍቶ ቦታ አይፈጠርለትም። አንዱን ቦክስ ወደ ሌላ ገልብጦ ካርቶን መቆጠብ ደግሞ አይታሰብ። ለክትባት ዘመቻ ወደ ገደሉ ማዶ ስትወርዱ፣ ስትመለሱ የሞላውን ቦክስ በእጀታው ይያዙት፣ ከጭናችሁ ራቅ ይበል። ጀርባ ላይ አይታዘል፣ ራስ ላይ አይጫን። በቅሎ ከተጫነ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ይታሰር። የቀበሌው ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ መምጣት አይቻልም።

የጽዳት ሠራተኞችን ሥራቸውን ከሚጀምሩበት ቀን በፊት አሠልጥኑ። የቆሻሻ ፌስታል ሲያነሱ ታቹን እንዳይደግፉ፣ በእጅ እንዳይጫኑት፣ ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ እንዲያደርጉ ንገሯቸው። አንሶላም ሳይታቀፍ ዘርግቶ ታይቶ ነው የሚሰበሰበው። ስስ የምርመራ ጓንት መርፌ አያቆምም።

በረት ውስጥ

ይህ ክፍል ለገበሬው ነው፤ በጤና ትምህርት ላይ ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም። በግና ከብት ባለበት ቤት ሁሉ ዛሬ መርፌ አለ። ኦክሲ የሚባለው የእንስሳት መድኃኒት ከገበያ ተገዝቶ በጎረቤት ይወጋል፤ መርፌው ታጥቦ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል ወይም በረት ውስጥ ይወድቃል። እበት በእጅ በሚታፈስበትና ኩበት በእጅ በሚጠፈጠፍበት አገር የወደቀ መርፌ የሚያገኘው የሴትን እጅ ነው።

መጀመሪያ፣ የሚወጋው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሁን። መርፌውን ይዞት የመጣው እሱ ነው፤ ይዞት እንዲሄድ ይጠይቁት። በሬውን ወይም በጉን በደንብ ያስይዙ፤ እንስሳው ሲዘል መርፌው ተነቅሎ ይፈናጠራል። ወጥቶ የጠፋ መርፌ ካለ ሳይገኝ እበቱ አይታፈስም። ማግኔት በገመድ አስሮ በጭዱ ላይ መጎተት አንዳንዴ ይረዳል፤ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለው ማግኔት ይበቃል። አብዛኛው መርፌ ከማይዝግ ብረት ስለሚሠራ ማግኔቱ ላያነሳው ይችላል፤ ስለዚህ ማግኔቱ ባዶውን ቢመለስም በዓይን መፈለግ አይቀርም፣ ጭዱ በመንሽ ይገለበጣል እንጂ በእጅ አይታይም።

«እናፈላዋለን» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ወደ መንዝ ከፍ ሲል ከዚያም ያንሳል። የአባሰንጋና የመንጋጋ ቆልፍ ዘሮች ደግሞ በ100 ዲግሪም በቀላሉ አይሞቱም። ስለዚህ የተፈላች መርፌ ንጹሕ ናት ብሎ ለሌላ በግ፣ ከዚያም የባሰ ለሰው መጠቀም አደጋ ነው። የእንስሳት መርፌም እንደ ኢንሱሊኑ ወደ ጠንካራ ጠርሙስ ይግባ፤ ወፍራም ስለሆነ ግን ለእሱ የቆርቆሮ ጣሳ ይሻላል።

ምላጭ

አጭር ነው። አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው። ልጅ ሲላጭ፣ ዋግምት ሲደረግ፣ ንቅሳት ሲነቀስ አዲስ ምላጭ በዓይናችሁ ፊት ከወረቀቱ ይውጣ። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ ጥቅም የለውም፣ ደም ያፈሳል። ያገለገለ ምላጭ የጣሪያ ሣር ውስጥ ተሰክቶ አይቀመጥ፤ የመርፌው ጠርሙስ ውስጥ ወይም በሚከደን ጣሳ ውስጥ ይግባ።

መጨረሻው የት ነው?

ሴፍቲ ቦክስ የሚቃጠለው ሁለት ክፍል ባለው ኢንሲኔሬተር ነው፤ ሙቀቱ ከ850 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው ጭሱም የሚቀንሰው። ሲቃጠልም መርፌው አይጠፋም፣ ጥቁር ሆኖ ከአመዱ ጋር ይወጣል፤ ስለዚህ አመዱ በአካፋ ወደ አመድ ጉድጓድ ይገባል እንጂ ሜዳ ላይ አይደፋም። በርሜል ውስጥ በጋዝ የሚለኮስ እሳት ይህን ሙቀት አያመጣም።

ኢንሲኔሬተር በሌለበት፣ መንገድ በክረምት በሚቆረጥበት ቦታ፣ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ። ጥልቀቱ 2 ሜትር ያህል ይሁን፣ ታቹ ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ዙሪያው በድንጋይና በሲሚንቶ ይገንባ፣ ላዩ ላይ የሲሚንቶ ክዳን ይጫን፣ መጣያው ጠባብ ቱቦ ብቻ ይሁን፣ አጥርና ቁልፍ ይኑረው።

ይህን ቁጥር ይዞ ወደ መሬቱ ሲወርዱ ግን አገሩ እንደየአካባቢው ይለያያል። በሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ ዙሪያ ባለው ጥቁር መረሬ መሬት፣ በጋ ላይ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። በጥር ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በነሐሴ ሊሞላ ስለሚችል ቦታው ጉብታ ላይ ይመረጥ፣ ዙሪያው ቦይ ይቆፈርለት። በመንዝ ደግሞ ብዙ ቦታ ትንሽ እንደተቆፈረ ድንጋይ ይመጣል። 2 ሜትር ካልወረደ ጥልቀቱን ቀንሶ ከመሬት በላይ በድንጋይ ግድግዳ መጨመር ይሻላል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ቆላው አሸዋማ ነው፣ ወንዙም ጎርፍ ያመጣል፤ ከወንዙ ዳር ይራቅ፣ በመስኖ ቦይ አጠገብም አይቆፈር። ጉድጓዱ ጫፉ ድረስ እስኪሞላ አይጠበቅ፤ ግማሽ ሜትር ሲቀረው በሲሚንቶና በአፈር ይዘጋ፣ ቦታውም በድንጋይ ምልክት ይደረግበት።

መንገድ ላይ መርፌ ካገኙ

ልጆች በእግራቸው እንዳይነኩት ይከልክሉ፣ ሰው ያቁሙበት። ጠንካራ ክዳን ያለው ጠርሙስ ያምጡ። ጠርሙሱን በእጅዎ ይዘው መርፌ አይጨምሩበት፤ መሬት ላይ ከመርፌው አጠገብ ያቁሙት። መርፌውን በፒንሳ ወይም በጉጠት፣ ከሌለም በተጠቀለለ ወፍራም ካርቶን፣ ከስሪንጁ በኩል ያንሱ፤ ጫፉ ከእርስዎ ወደ ውጭ ይሁን። ከአንድ በላይ ከሆነ አንድ በአንድ ይለቀም፣ በአንድ ጊዜ አይታፈስ። ክዳኑን ይግጠሙ፣ ፒንሳውን በበረኪና ውሃ ይዘፍዝፉ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጠርሙሱንም በዚያው ቀን ለጤና ኬላው ያስረክቡ።